የራቬል «ቦሌሮ»፦ ያው ዜማ ሲመላለስ ለምን አይሰለችም?

ጥያቄ፦ የማታ አድማጭ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ጥያቄዬ ስለ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ሞሪስ ራቬል «ቦሌሮ» ነው። ሥራው በ1928 የተጻፈ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ መሪው እንደሚመርጠው ፍጥነት ከ13 እስከ 18 ደቂቃ ይወስዳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንሿ ከበሮ፣ ስኔር ድራም የምትባለው፣ ያንኑ ምት ትመታለች፤ በእርሷ ላይ ሁለት ዜማዎች እየተፈራረቁ ይመላለሳሉ። ሌላ ዜማ፣ ሌላ ምት ወይም የተለየ ክፍል የሚባል ነገር የለውም። እኔ ኖታ አላነብም፤ ሙዚቃን የማውቀው በመስማት ብቻ ነው። ሌሎች ረጃጅም የኦርኬስትራ ሥራዎችን ስሰማ ሐሳቤ መሐል ላይ ይበተናል፤ ይህን ስሰማ ግን እስኪያልቅ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልነሣም።

ያልገባኝ ነገር ምክንያቱ ነው። አንድ ወዳጄ «የሚስብህ ድምፁ እየጎላ ስለሚሄድ ብቻ ነው፤ የትኛውንም ዜማ ቀስ በቀስ ብታጎላው እንደዚያው ይሆናል» ይለኛል። አባባሉን አልተቀበልኩትም፤ ነገር ግን ለምን እንዳልተቀበልኩት ማስረዳት አልቻልኩም። ሁለተኛም፣ በማኅሌት ያደገው ጆሮዬ ቁም ዜማው ወደ ዝማሜ፣ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል ወደ መረግድና ወደ ጽፋት እያደገ፣ በመጨረሻም እየፈጠነ ሲሄድ መስማት ለምዷል። ስለዚህ «ቦሌሮ»ን ስሰማ አሁን ይፈጥናል፣ አሁን ይፈጥናል እያልኩ እጠብቃለሁ፤ እርሱ ግን አይፈጥንም። ይህ መጠበቅ ራሱ የመስሕቡ አካል ይሆን? ሙያው ያላችሁ ብታብራሩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ክላርኔት ነፊ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄው እኔንም ለረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

የወዳጅዎ አስተያየት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ራቬል ራሱ በ1931 በለንደኑ «ዴይሊ ቴሌግራፍ» ጋዜጣ ላይ በወጣ ቃለ ምልልሱ፣ ሥራው አንድ ረጅምና ቀስ በቀስ የሚጎላ ድምፅ እንደሆነ፣ ተቃርኖ የሚባል ነገር በውስጡ እንደሌለና ከዕቅዱና ከአፈጻጸሙ በቀር ይህ ነው የሚባል ፈጠራ እንደሌለበት በግልጽ ተናግሯል። ወዳጅዎ የዘለሉት ያንን አፈጻጸም ነው፤ ሥራውን ሥራ ያሰኘውም እርሱ ነው።

ከከበሮዋ እንጀምር። የምትመታው ቅርጽ የሁለት ሜዠር ርዝመት አለው (ሜዠር ማለት የሙዚቃ ምት የሚቆጠርበት እኩል ክፍል ነው)። ምቶቹን ቢቆጥሯቸው በመጀመሪያው ሜዠር 10፣ በሁለተኛው 14፣ በድምሩ 24 ያገኛሉ። ሁለቱ ሜዠሮች የሚለያዩት አጨራረሳቸው ላይ ነው፦ የመጀመሪያው በሁለት ረጋ ያሉ ምቶች ሲዘጋ፣ ሁለተኛው በእነዚያ ሁለት ምቶች ፋንታ ስድስት ፈጣን ምቶችን ያከታትላል። እነዚያ ስድስቱ ጆሮን ወደሚቀጥለው ዙር መነሻ ይገፉታል። ስለዚህ ቅርጹ ባለቀ ቁጥር ለመጀመር ይንደረደራል እንጂ አያርፍም። ይህ 169 ጊዜ ይደገማል፤ ሙዚቃው ፍጥነቱን ሳይጨምር ወደፊት የሚገሰግስ ሆኖ የሚሰማዎትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ዜማዎቹን ልብ ይበሉ። «ተደጋጋሚ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አጭር፣ ወዲያው የሚያዝ ዜማ ነው። የ«ቦሌሮ» ዜማዎች ግን እያንዳንዳቸው 16 ሜዠር ርዝመት አላቸው፤ አንዱን ዜማ ከነመሸጋገሪያው ለመስማት 50 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ርዝመት ውስጥ ዜማው ይዘገያል፣ በአንዲት ድምፅ ላይ ይቆማል፣ ሳይጠበቅ ይታጠፋል። የመጀመሪያው ዜማ በሲ ሜጀር ቁልፍ፣ ማለትም ሲ (C) የምትባለውን ድምፅ መነሻና ማረፊያ አድርጎ የተጻፈ፣ ብሩህና ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን ድምፆቹን ዝቅ ዝቅ እያደረገ ስለሚያጣምማቸው የጨለመና የሚወተውት ጠባይ አለው። ዙሩን የሰሙ ሰዎች ዜማውን አንጎራጉሩ ቢባሉ መሐል ላይ የሚጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። ጆሮ ገና ያልጨበጠው ነገር ሲመለስለት ይደሰታል፤ ዜማዎቹ አጫጭር ቢሆኑ ኖሮ በሦስተኛው ዙር በተሰላቸን ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የድምፅ ቀለም ነው። የመጀመሪያው ዜማ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ እየሆነ አራት ጊዜ ከዞረ በኋላ፣ በመጨረሻ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ በድምሩ 18 ዙር ነው። ከ18ቱ አንዱም በቀለሙ ሌላውን አይመስልም። ፍሉት በዝቅተኛ ድምፁ ብቻውን ይጀምራል፤ ክላርኔት ይቀበለዋል፤ ሁለተኛውን ዜማ ባሱን ያነሣዋል። ባሱን በጎርናና ድምፁ የሚታወቅ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ራቬል ነፊው ተጨንቆ ወደሚጠብቀው የላይኛው ጫፍ አውጥቶ ያዘፍነዋል፤ ስለዚህ የሚሰሙት ድምፅ ከዜማው ሌላ የነፊው ጥረትም አለበት። ከዚያ ትንሹ ክላርኔት፣ ከእርሱ ኦቦ ዳሞሬ የተባለው፣ ኦቦ ከሚሉት የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ወገን የሆነ ለስላሳ ድምፅ ያለው መሣሪያ፣ ከእርሱም ፍሉት አፉ ከታፈነ ትራምፔት ጋር፣ ቀጥሎም ሁለት ሳክስፎኖች በየተራ ይመጣሉ።

ዘጠነኛውን ዙር በተለይ ይስሙልኝ። የናስ መለከት የሆነው ፍሬንች ሆርን ዜማውን በሲ ሲይዝ፣ ፒያኖ መሰል ሆኖ እንደ ደወል የሚያቃጭለው ቼሌስታ አብሮት በላይኛው እርከን ይሄዳል፤ ሁለት ፒኮሎዎች (ትናንሽ ፍሉቶች) ደግሞ ያንኑ ዜማ አንደኛው ከጂ፣ ሌላኛው ከኢ ተነሥተው ይጫወቱታል። በወረቀት ላይ ሲታይ በአንድ ጊዜ በሦስት ቁልፍ የሚሄድ ሙዚቃ ነው፤ ይረብሻል ብለው ይጠብቃሉ። አይረብሽም፤ ምክንያቱም እነዚያ የፒኮሎ ድምፆች፣ አንድ ድምፅ ሲሰማ በውስጡ ተደብቀው የሚኖሩት የተፈጥሮ ንዑሳን ድምፆች ናቸው፤ ራቬልም ድምፃቸውን ከሆርኑ ዝቅ አድርገው እንዲነፉ አድርጓቸዋል። ውጤቱም አራት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ በመድረኩ ላይ የሌለ አንድ መሣሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል ነገር ይሰማል። ይህን ዙር ስሰማ አሁንም እደነቃለሁ።

ቫዮሊኖቹንስ አስተውለዋል? በኦርኬስትራ ሙዚቃ ዜማ ማለት ባብዛኛው የቫዮሊን ድርሻ ነው። እዚህ ግን እስከ 12ኛው ዙር ድረስ ዜማውን አይነኩትም፤ የአውታር መሣሪያዎቹ በሙሉ ሥራቸው በጣት እየቆነጠሩ ማጀብ ነው። ቫዮሊኖች ዜማውን በቀስታቸው የሚያነሡት በ13ኛው ዙር ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ያ ቅጽበት ደረትን የሚያሰፋ ነው።

ለወዳጅዎ አንድ ማረጋገጫ ልስጥዎ። ራቬል ራሱ ሥራውን ለሁለት ፒያኖ አዘጋጅቶታል። እርሱን ያሰሟቸው። ድምፁ እዚያም ይጎላል፤ ዜማውም ምቱም ያው ነው፤ የቀለሙ ለውጥ ግን የለም። ፒያኖውን በአክብሮት እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ኦርኬስትራው እንደሚይዝዎት አይይዝዎትም። መስሕቡ መጉላቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል በሆኑ ነበር።

መልስ፦ የባሌት ወዳጅ

በክላርኔት ነፊ ማብራሪያ ብዙ ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። «ቦሌሮ» የተጻፈው ለአዳራሽ ሳይሆን ለመድረክ ውዝዋዜ ነው፤ ድግግሞሹም ምክንያት ያገኘው እዚያ ነው።

ሥራውን ያዘዘችው ሩሲያዊቷ ተወዛዋዥ ኢዳ ሩቢንሽታይን ናት። መጀመሪያ የታሰበው ራቬል የስፔኑን የአልቤኒስን የፒያኖ ሥራዎች ለኦርኬስትራ እንዲያቀናብርላት ነበር፤ የማቀናበሩ መብት አስቀድሞ ለሌላ ሙዚቀኛ ለአርቦስ ተሰጥቶ ስለተገኘ፣ ራቬል የራሱን አዲስ ሥራ ለመጻፍ ወሰነ። በኖቬምበር መቅረብ ስለነበረበት ጊዜው አጭር ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1928 በፓሪስ ኦፔራ በብሮኒስላቫ ኒጂንስካ የውዝዋዜ ቅንብር ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ያየው በአንድ የስፔን መጠጥ ቤት ውስጥ በጠረጴዛ ላይ የምትወዛወዝ ሴትና በዙሪያዋ እየተሰበሰቡ የሚሄዱ ወንዶችን ነው። ሙዚቃው አይለወጥም፤ የሚለወጠው በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ነው። የውዝዋዜ ቀማሪው ሞሪስ ቤዣር በ1961 ሥራውን አዲስ አድርጎ ሲያቀናብረው ሌላውን ጌጥ ሁሉ አውልቆ ያችን ጠረጴዛ፣ በላይዋ ያለውን አንድ ገላና በዙሪያዋ ያሉትን ተወዛዋዦች አስቀረ፤ የሥራው እምብርት እርሱ መሆኑን ስለተረዳ ይመስለኛል።

እኔ ውዝዋዜውን ሳላይ ሙዚቃውን ብቻ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአሥረኛው ዙር በኋላ እደክማለሁ፤ ከራቬል የባሌት ሥራዎች ውስጥም «ዳፍኒስ እና ክሎዬ»ን አስበልጣለሁ። ጠያቂያችን አንድ ጊዜ በቪዲዮ ቢያዩት፣ ለመጠበቅዎ ምክንያት በዐይንዎ ያገኙለታል።

መልስ፦ ባለ ከበሮ

ጠያቂው ስለ ፍጥነት ያነሡት ነገር ሳይመለስ እንዳያልፍ ብዬ ነው የገባሁት። አዎን፣ መጠበቅዎ የመስሕቡ አካል ብቻ ሳይሆን ዋና ክፍሉ ነው፤ ራቬልም ለዚህ ነገር ከትልቅ መሪ ጋር ተጋጭቶበታል።

በሜይ 1930 አርቱሮ ቶስካኒኒ የኒውዮርክን ፊልሃርሞኒክ ይዞ ፓሪስ መጣና «ቦሌሮ»ን በኦፔራው አዳራሽ ከራቬል ፍላጎት እጅግ አፍጥኖ መራው። ራቬል በአዳራሹ ነበር፤ ቅሬታውንም አልሸሸገም። ቶስካኒኒ የመለሰለት ቃል በተለያየ መንገድ ይተረካል፤ መንፈሱ ግን ሥራውን የሚያድነው ይህ ፍጥነት ብቻ ነው የሚል ነው። ራቬል ራሱ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የላሙሩ ኦርኬስትራን እየመራ ያስቀረጸው ቅጂ 16 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚያልቅ ነው፤ እርጋታው ፍጥነት ለለመደ ጆሮ ያስገርማል።

የሁለቱ ጠብ ስለ ምን እንደሆነ ከመቺው ወገን ሆኜ ልናገር። ማንኛውም ሙዚቀኛ ድምፁ ሲጎላ እጁ መፍጠን ይፈልጋል፤ ይህ የሰውነት ጠባይ ነው። እርስዎ የጠቀሱት ጽፋት ይህን ጠባይ ተቀብሎ ወደ ከፍታ ያደርሰዋል፤ መሪጌታውም መዘምራኑም አብረው ይፈጥናሉ፣ ደስታውም የሚገኘው በመፍጠኑ ነው። «ቦሌሮ» ግን ያንኑ ግፊት እያከማቸ መውጫውን ይዘጋበታል። ሰማንያ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ በሙሉ ኃይሉ እየነፋና እየቀሰተ ሳለ፣ ፍጥነቱ ፍሉቱ ብቻውን ሲጀምር ከነበረው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ቶስካኒኒ ሲያፈጥነው ግፊቱን አስተነፈሰው፤ ራቬልን ያስቆጣው ያ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዚህም ከራቬል ጋር ነኝ። በዝግታ የወሰዱት መሪዎችም አሉ፤ ሰርጁ ቼሊቢዳኬ በስተርጅና ከሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ጋር 18 ደቂቃ ድረስ ያስጠጋዋል፣ እርሱም ቢሆን ሳይበጠስ ይዘልቃል።

ለከበሮ መቺው የሚከብደው መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ነው። በፍጹም ለሆሳስ ሲጀመር ዱላው የሚያርፈው በቆዳው ጠርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ ቆዳው የሚሰጠው ድምፅ ደረቅና ትንሽ ነው፤ እጅም ሊነሣ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው። ያንን ትንሽ ምት እኩል አድርጎ ለደቂቃዎች ማቆየት ጡንቻን ያንቀጠቅጣል። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ዱላው ቀስ በቀስ ወደ ቆዳው መሐል ይገባል። በዚያ ላይ በየዙሩ ሌሎች መሣሪያዎች ያንኑ ምት እየተፈራረቁ ያግዙታል፤ ወደ መጨረሻው ሁለተኛ ስኔር ድራም ይጨመራል። ኦርኬስትራዎች ከበሮ መቺ ሲቀጥሩ ይህን ጅምር ለፈተና የሚያቀርቡት በከንቱ አይደለም፤ ትሮምቦን የተባለውን ተንሸራታች የናስ መለከት የሚነፉትም በዚሁ ሥራ 11ኛ ዙር ይፈተናሉ።

መልስ፦ አንባቢዋ ነርስ

ውይይቱ መልካም ነው። አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነው፤ ድግግሞሹ የራቬል የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው የሚል ጽሑፍ በየቦታው ይዞራል፣ ጠያቂውም ሳያነቡት አይቀሩም። ራቬል በመጨረሻ ዘመኑ ቃልና ጽሕፈት የሚነሣ የአንጎል ሕመም እንደያዘው፣ በ1937 ዲሴምበርም ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ እንዳረፈ እውነት ነው። አንዳንድ የነርቭ ሐኪሞችም «ቦሌሮ» የሕመሙ መጀመሪያ ያለበት ሥራ ሊሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል።

እኔ ይህን አልቀበልም፤ ምክንያቶቼም ሁለት ናቸው። ራቬል ሥራውን ከመጻፉ በፊት ዜማውን በአንድ ጣቱ በፒያኖ ለወዳጁ ለጉስታቭ ሳማዘይ አሰምቶ፣ ይህን ዜማ ምንም ሳያሳድገው ደጋግሞ ኦርኬስትራውን ብቻ እየጨመረ ሊሄድ እንዳሰበ ነግሮታል። የታመመ አእምሮ ሳያውቀው ይደጋግማል፤ እርሱ ግን ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ«ቦሌሮ» በኋላ ሁለቱን የፒያኖ ኮንቼርቶዎቹን (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትባቸውን ሥራዎች) ጻፈ፤ አንደኛውን በጦርነት ቀኝ እጁን ላጣው ለፓውል ቪትገንሽታይን ለግራ እጅ ብቻ አድርጎ ነው ያዘጋጀው። ሁለቱም በ1932 ቀርበዋል፤ በሐሳብ ብዛትና በለውጥ የተሞሉ ስለሆኑ መደጋገም የሚባል በሽታ አይታይባቸውም።

የድግግሞሹን ምንጭ የሚፈልግ ሰው ከሐኪም መዝገብ ይልቅ ወደ ልጅነቱ ቢመለስ ይሻላል። አባቱ መሐንዲስ ነበር፤ ራቬል ፋብሪካና ማሽን ይወድ ነበር፤ «ቦሌሮ»ም ከበስተጀርባው ፋብሪካ እየታየ በመድረክ እንዲቀርብ ይመኝ ነበር። ይህን ሳውቅ ከበሮዋን ከዚያ በፊት በማልሰማት መንገድ ነው የሰማኋት።

የማታ አድማጭ (ጠያቂው)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘጠነኛውን ዙር ፈልጌ ሰማሁት፤ ፒኮሎዎቹን ለብቻ ለመለየት ብሞክር አልቻልኩም፣ ክላርኔት ነፊ እንዳሉት አንድ ሆነው ነው የሚመጡት። የሁለት ፒያኖውንም ለወዳጄ ልኬለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይሞላው፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር የተነሣ ያህል ይሰማኛል። እዚያ ምን ይደረጋል? አሰማሙስ እንዴት ቢሆን ይሻላል? ስልኬ ላይ መጀመሪያው አይሰማኝም፣ መጨረሻው ደግሞ ይጮኽብኛል።

መልስ፦ ክላርኔት ነፊ

ጆሮዎ በትክክል ነው የያዘው። ሥራው 340 ሜዠር አለው፤ ከ320 በላይ የሚሆኑት ከመነሻው አንሥቶ ሲ ላይ ቆመዋል። በመጨረሻው፣ በ18ኛው ዙር፣ ዜማው ሊዘጋ ሲል ሙሉው ኦርኬስትራ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ኢ ሜጀር ይዘላል። በዚያ የሚቆየው ለስምንት ሜዠር ብቻ ነው። በሌላ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ የቁልፍ ለውጥ በየገጹ ስለሚገኝ ማንም ልብ አይለውም፤ እዚህ ግን ሩብ ሰዓት ያህል የተከለከለ ነገር ስለሆነ አንድ ለውጥ ብቻውን አዳራሹን ያነቃንቃል። ከዚያ ወደ ሲ ይመለሳል፤ ትሮምቦኖቹ ድምፃቸውን ወደታች እያንሸራተቱ፣ ታላቁ ከበሮና ሲምባሎቹ እየመቱ፣ በመጨረሻው ሜዠር ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይደረመሳል። ቀስ ብሎ የተገነባውን ነገር ራቬል ቀስ ብሎ አያወርደውም፤ በአንድ ጊዜ ይንደዋል። እንደ እኔ አመለካከት፣ ከዚያ ሁሉ ማከማቸት በኋላ ሌላ ዓይነት መጨረሻ ሐሰት ይሆን ነበር።

ስለ አሰማሙ፦ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በለሆሳሱና በጩኸቱ መካከል ያለውን ርቀት መሸከም አይችልም። ጸጥ ባለ ክፍል በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት፤ ድምፁንም መጀመሪያ ላይ ከበሮዋ በጭንቅ እንድትሰማ አድርገው ያስተካክሉት፣ መጨረሻው ጆሮ የሚጎዳ እንዳይሆንም አስቀድመው የመጨረሻውን ደቂቃ ከፍተው ልኩን ይያዙ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ማስተካከያውን አይንኩት። መሐል ላይ ድምፁን ከፍ ዝቅ ካደረጉት፣ የራቬልን ሥራ እርስዎ እየሠሩለት ነው ማለት ነው። ከቅጂዎች በመጀመሪያ የራቬልን የ1930ውን ቢሰሙ ጥሩ ነው፤ ቀረጻው አሮጌ ስለሆነ ቀለሞቹ ይደበዝዛሉ፣ ፍጥነቱን ግን ከባለቤቱ ይማሩበታል። ቀጥለው ማንኛውንም ጥርት ያለ ዘመናዊ ቅጂ፣ ከ15 ደቂቃ ያላነሰውን፣ ይምረጡ።